ማማውን ተጋርተው፣ ጆሮውን ተሻምተው

እ.ኤ.አ. በ2017 ኦስሎ ውስጥ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ እንከባከብ ነበር። ከምጎበኛቸው ሰዎች አንዷ ሰማንያውን የተሻገሩ ሴት ነበሩ። በማድ ቤታቸው መስኮት ደፍ ላይ የተቀመጠች፣ አንቴናዋ በፕላስተር የተጠገነ ትንሽ ሬዲዮ ነበረቻቸው፤ መቃኛዋ ለዓመታት ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ የኖረ በመሆኑ፣ ሲከፍቷት የሚወጣው ሁልጊዜ የኖርዌይ የሕዝብ ጣቢያ የኤንአርኮ ድምፅ ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ አንድ ጠዋት ስገባ ሬዲዮዋ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ብቻ ታሰማለች፤ እርሳቸውም እጃቸውን አጣጥፈው አጠገቧ ተቀምጠዋል። «ሞተች» አሉኝ። ሬዲዮዋ ግን ደህና ነበረች። የሞተው የምትቀበለው ሞገድ ነበር፤ ሴፕቴምበር 20 ቀን በኦስሎና በአካባቢዋ የኤንአርኮ የኤፍ ኤም ሥርጭት ተዘግቶ፣ አድማጩ ዳብ ወደሚባለው ዲጂታል ሬዲዮ እንዲሻገር ተደርጎ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ የዳብ ሬዲዮ ገዝተው ቃኘሁላቸው። ከዝርዝሩ ላይ ኤንአርኮን ስፈልግ፣ የተፎካካሪው የፒ4 ጣቢያዎች፣ ራዲዮ ኖርጌና ሌሎችም በአንድ ሜዳ ላይ ተሰልፈው አገኘኋቸው። ፒ4 በ1993 ሲቋቋም የኤንአርኮን አገር አቀፍ የብቸኝነት ዘመን የዘጋ፣ በማስታወቂያ ገቢ የሚኖር ጣቢያ ነው። ራዲዮ ኖርጌ ደግሞ ካናል 24 በሚል ስም በ2004 ጀምሮ ከፒ4 ጋር በአንድ የማስታወቂያ ገበያ የተጋፋ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያተርፉበትን፣ አድማጭ የለመደውን ኤፍ ኤም በአንድ ዓመት ውስጥ አብረው ለመዝጋት እንዴት ተስማሙ? የሬዲዮ ምሕንድስና ትምህርት የለኝም፤ ጥያቄው ግን ከሥራ መልስ ብዙ ምሽት አስነበበኝ።

እያነበብኩ ስሄድ ደጋግሞ ትዝ ያለኝ ወንፈል ነው። ከተማ ውስጥ ያደገ ሰው ወንፈልንና ደቦን እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል፤ ገበሬ ግን አያምታታቸውም። ደቦ የሚጠራ ሰው ጠላ ጠምቆ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ጎረቤቱን ሰብስቦ ሥራውን በአንድ ቀን ያስጨርሳል፤ ውለታው አለ፣ ቁጥሩ ግን አይያዝም። ወንፈል ሒሳብ ነው። ዛሬ በእኔ ማሳ አንድ ቀን ካጨድክ፣ ነገ በአንተ ማሳ አንድ ቀን አጭዳለሁ፤ ቀኑ ይቆጠራል፣ የቀረ ሰው ይታወቃል። አዝመራው ደግሞ አይቀላቀልም። እኔም ጤፌን፣ አንተም ጤፍህን ጭነን ቅዳሜ ገበያ እንወርዳለን፤ እዚያ ስንደርስ የሚገዛኝ ሰው አንተን እንዳያይ ባደርግ ደስ ይለኛል። አብሮ ማጨድና ተሻምቶ መሸጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በእነዚያው ሰዎች መካከል ይሆናል።

ዲጂታል ሬዲዮ ጣቢያዎችን ወደ ወንፈል የሚያስገባቸው በጠባዩ ነው። በኤፍ ኤም ዓለም እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሞገድ አለው፤ የጎረቤቱ ማሰራጫ ቢቃጠል እርሱን አይነካውም፤ እንዲያውም የዚያን ቀን አድማጭ ይጨምርለታል። ዳብ ግን ብዙ ጣቢያዎችን ጠቅልሎ መልቲፕሌክስ በሚባል አንድ ጥቅል ይልካል። አንዱ ጥቅል 1.5 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ይዞ በቀድሞው አሠራር አሥር ያህል ጣቢያ ይሸከማል፤ በ2007 የወጣው ዳብ ፕላስ ደግሞ ድምፅን ይበልጥ ስለሚያምቅ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ይጭናል። በተጨማሪም ብዙ ማማዎች በአንድ ሞገድ ላይ ሳይረባበሹ ማሰራጨት ይችላሉ፤ ይህም ተራራና ፊዮርድ (ባሕር የገባበት ጠባብ ሸለቆ) ለሞላባት ኖርዌይ ትልቅ ነገር ነው፤ ኤፍ ኤም በየሸለቆው ሌላ ሞገድ ይጠይቃልና። ኤፍ ኤም ለእያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን መኪና የሰጠ ሥርዓት ቢሆን፣ ዳብ ተፎካካሪዎቹን ሁሉ በአንድ አውቶቡስ ያሳፈረ ነው። አውቶቡሱ ከቆመ ሁሉም ይቆማል።

በአውቶቡሱ ውስጥ ግን ወንበር ውስን ነው፤ ሽሚያው ከዚያ ይጀምራል። የጥቅሉ አቅም በኪሎቢት፣ ማለትም በሰከንድ በሚላክ የመረጃ መጠን፣ ተለክቶ ስለሚከፋፈል፣ አንድ ጣቢያ ድምፁ እንዲጠራ ብዙ ከወሰደ ለሌላው ይጠብበታል፤ የጥቅሉ ባለቤት ተጨማሪ ተከራይ ማስገባት ካማረው የነበሩት ይጠጋጋሉ። ይህ በአንድ ቤት ልጆች መካከል እንኳ ይሆናል። ቢቢሲ የራሱ የሆነ አገር አቀፍ ጥቅል አለው፤ ሆኖም በ2002 አዳዲስ ዲጂታል ጣቢያዎቹን ከጨመረ በኋላ ነባሮቹ መጠጋጋት ነበረባቸው፤ በ2006 የሬዲዮ 3 ድርሻ ከ192 ወደ 160 ኪሎቢት ሲወርድ የክላሲክ ሙዚቃ አድማጮች አምርረው ተቃወሙ። ቫዮሊን ሲታመቅ ይታወቃል፤ የእግር ኳስ ተንታኝ ሲታመቅ ማንም አያስተውልም።

ፉክክርና ትብብር የተፈተኑበትን ቦታ ለማየት ከብሪታንያ የተሻለ አገር አላገኘሁም። በ1996 የወጣው የብሮድካስት ሕግ በአገር አቀፍ ደረጃ ለዲጂታል ሬዲዮ ሁለት መንገድ አበጀ፤ አንድ ጥቅል ለቢቢሲ፣ አንድ ደግሞ በጨረታ ለንግድ ጣቢያዎች። ሕጉ ጉቦ የሚመስል ማባበያም ነበረው፤ ወደ ዲጂታል የገባ የንግድ ጣቢያ ነባር ፈቃዱ ያለ ጨረታ ይታደስለት ነበር። ትብብሩን ያመጣው ፍቅር እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። የአገር አቀፉ የንግድ ጥቅል በ1998 ለጨረታ ሲቀርብ የመጣው አመልካች አንድ ብቻ ነበር፤ ዲጂታል ዋን የተባለው ይህ ኩባንያ በኖቬምበር 1999 ሥርጭት ጀመረ። ፉክክር ይታይበታል የተባለው ሜዳ ተጫዋች አጣ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር፤ መቀበያ በእጁ የያዘ አድማጭ አልነበረም፤ የነበሩት ጥቂት ሬዲዮዎች ዋጋቸው በመቶዎች ፓውንድ የሚቆጠር ነበር።

በዚህ ጊዜ ሁለቱ ባላንጣዎች ወንፈል ገቡ። ቢቢሲና የንግድ ጣቢያዎች ዲጂታል ሬዲዮን ለሕዝብና ለአምራቾች የሚያስተዋውቅ አንድ የጋራ ቢሮ አቋቋሙ፤ በየአካባቢው የንግድ ጥቅል ውስጥ ደግሞ ለቢቢሲ የክልል ጣቢያ ቦታ እንዲተው ሕጉ ስላዘዘ፣ የሕዝቡ ጣቢያ የባላንጣው ተከራይ ሆነ። በ2002 ፑር የተባለው አምራች በ99 ፓውንድ የሚሸጥ ሬዲዮ አወጣ፤ ቢቢሲም በዚያው ዓመት 6 ሙዚክንና 1ኤክስትራን የመሳሰሉ በኤፍ ኤም የማይገኙ ጣቢያዎችን ከፈተ። ርካሽ ሬዲዮ ያለ አዲስ ጣቢያ አይሸጥም፤ አዲስ ጣቢያም ያለ ርካሽ ሬዲዮ አይሰማም። የቢቢሲ ማስታወቂያ ያስገዛው ሬዲዮ የንግዱንም ጣቢያ ይቀበላል፤ የንግዱ ያስገዛውም የቢቢሲን። እዚህ ላይ የአንዱ አጫጅ ጉልበት ለሌላው ማሳ ሲጠቅም በግልጽ ይታያል።

ወንፈሉ የላላው ፉክክሩ ከመሣሪያው ወደ ጥቅሉ ባለቤትነት ሲዛወር ነው። ሁለተኛ አገር አቀፍ የንግድ ጥቅል እንዲኖር ተወስኖ በ2007 በቴሌቪዥን ጣቢያው በቻናል 4 የሚመራ ቡድን ጨረታውን አሸነፈ፤ ቢቢሲን በንግግር ሬዲዮ ጭምር የሚገዳደሩ አሥር ያህል ጣቢያዎች ቃል ተገቡ። አንዱም አየር ላይ አልዋለም። በ2008 መጀመሪያ በዲጂታል ዋን ትልቁን ድርሻ የያዘው የሬዲዮ ኩባንያ ጂካፕ፣ ዳብ አያዋጣም ብሎ ፕላኔት ሮክና ዘጃዝ የተባሉ ዲጂታል ጣቢያዎቹን እንደሚዘጋና ድርሻውንም እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ቻናል 4 ከሬዲዮው ዕቅድ ጨርሶ ወጣ። ፕላኔት ሮክን አንድ ባለሀብት ገዝቶ አተረፈው፤ ዘጃዝ ግን ተዘጋ። ሁለተኛው የንግድ ጥቅል ሥራ የጀመረው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2016 ነው፤ ባለቤቶቹም የማማ ኩባንያው አርኪቫና በአድማጭ የሚሻሙት ባወርና ዋየርለስ ግሩፕ ሆነው ቀረቡ። በቻናል 4 መሪነት ያልተሳካውን ነገር፣ ስምንት ዓመት ዘግይተው፣ ድርሻ ተካፍለው ሠሩት።

ከዚህ ሁሉ መካከል እኔን ይበልጥ የማረከኝ ትንሹ ነገር ነው። በማርች 2011 ቢቢሲና ትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎች ሬዲዮፕሌየር የተባለ የጋራ የኢንተርኔት ማጫወቻ ከፈቱ። ከቢቢሲ ጣቢያ ወጥቶ በአንድ ንክኪ ወደ ንግዱ ጣቢያ መሄድ ይቻላል። ባለሱቅ የጎረቤቱን ሱቅ በር በራሱ ግድግዳ ላይ እንደ መክፈት ያለ ድፍረት ነው። ስሌታቸው ግን ትክክል ነበር፤ አድማጩ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ቢዘዋወር ነገ ይመለሳል፤ ሬዲዮን ትቶ በስልኩ ሙዚቃ የሚያጎርፉ ኩባንያዎች ዘንድ ከሄደ ግን አይመለስም። ይህ አሠራር ከዚያ በኋላ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል፤ ኖርዌይም አንዷ ናት።

ወደ ኖርዌይ ልመለስ። ስቶርቲንግ የተባለው ፓርላማ በ2011 ሽግግሩን ሲቀበል ጠንካራ ቅድመ ሁኔታዎች አስቀምጦ ነበር፤ የኤንአርኮ ዲጂታል ሥርጭት የዋና ጣቢያውን የኤፍ ኤም ሽፋን ያህል እንዲደርስ፣ የንግዱ ጥቅል 90 በመቶ ሕዝብ እንዲሸፍን፣ ኤፍ ኤም በጃንዋሪ 2017 መዘጋት እንዲጀምር ደግሞ ከአድማጩ ግማሹ በየቀኑ በዲጂታል መንገድ የሚያዳምጥ እንዲሆን። የፒ4ና የራዲዮ ኖርጌ የኤፍ ኤም ፈቃድ በ2013 ማብቃት ሲገባው፣ በዲጂታሉ ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ከገቡት ግዴታ ጋር ተያይዞ ተራዘመላቸው። ኤንአርኮና ፒ4 በጋራ ባለቤት የሆኑበት ዲጂታልራዲዮ ኖርጌ የተባለ ኩባንያም ሕዝቡን የማሳመኑን ሥራ ያዘ። የተጋሩት ነገር ማማ ብቻ ሳይሆን ቀንም ጭምር ነበር፤ እንደ እኔ አመለካከት የትብብሩ ልብ ይህ ነው። ከአገር አቀፎቹ አንዱ በኤፍ ኤም ቢቀር፣ ያለ ፉክክር የሚቀርበትን ገበያ ብቻውን ይወርሰዋል። ስለዚህ ማንም ወደኋላ እንዳይቀር ሁሉም አንድ ላይ መውጣት ነበረበት፤ ጃንዋሪ 11 ቀን 2017 ከኑርላን ጀምረው፣ በየአውራጃው እየዘጉ፣ ዲሴምበር 13 ቀን ትሮምስና ፊንማርክ ላይ ጨረሱ።

ትርፉ ለጣቢያዎቹ እውነተኛ ነበር። በባህል ሚኒስቴሩ ስሌት አገር አቀፍ ጣቢያን በኤፍ ኤም ማሰራጨት ከዳብ ስምንት እጥፍ ያስወጣል፤ ኤፍ ኤም በመዘጋቱም በዓመት ከ200 ሚሊዮን ክሮነር በላይ እንደሚተርፍ ተነገረ። አገር አቀፍ የኤፍ ኤም ቦታ ለአምስት ጣቢያ ብቻ ሲበቃ፣ በዳብ 22 ጣቢያዎች ተደረደሩ። ወጪው ግን ከጣቢያዎቹ ወደ አድማጩ ኪስ ዞረ፤ መኪናው አሮጌ የሆነ ሰው ከአንድ ሺህ ክሮነር በላይ አውጥቶ ዳብ የሚቀበል ማስማሚያ መግዛት ነበረበት፤ እኔም ከገዙት አንዱ ነኝ፤ ከነገጠማው ያስከፈለኝ የአንድ ሳምንት አስቤዛ ነው። ዳግብላደት የተባለው ጋዜጣ በ2016 መጨረሻ ባስጠናው የሕዝብ አስተያየት 66 በመቶው መዝጋቱን ተቃውሞ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል ሁላችንም ድሩን ሆነን እናጨበጭባለን፤ አንበሳው ማን እንደሆነ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ወንፈል የታሰረው የማድ ቤት ሬዲዮ ያላቸው ሰዎች እጅ ይመስለኛል።

ይህን ስል ትብብሩን እንደ ሴራ ማየቴ አይደለም፤ ያለ ትብብር ምን እንደሚመጣ ደግሞ ስዊዘርላንድ አሳይታለች። በ2020 የሕዝብ ጣቢያው ኤስኤርጌና የግል ጣቢያዎቹ ኤፍ ኤምን በወራት ልዩነት ተከታትለው ለመዝጋት ተስማምተው ነበር፤ ኤስኤርጌ በኦገስት 2022፣ የግሎቹ በጃንዋሪ 2023። ከመካከላቸው የተነሳ ተቃውሞ ቀኑን አስገፋው፤ አስገፍቶም የግሎቹ ፈቃድ እስከ 2026 መጨረሻ እንዲራዘም መንግሥት ወሰነ። ኤስኤርጌ ግን ዲሴምበር 31 ቀን 2024 ብቻውን ወጣ። ከኤፍ ኤም ያልተላቀቀው አድማጭ ሬዲዮውን ከመቀየር ይልቅ መቃኛውን ማዞር ቀለለው፤ ወደ ግል ጣቢያዎችና ድንበር አሻግረው ወደሚሰሙት የጎረቤት አገር ጣቢያዎች ሄደ፤ ኤስኤርጌም ብዙ አድማጭ ከሰረ። የወንፈል ቀኑን ቀድሞ ከፍሎ፣ በእርሱ ተራ ማንም ያልመጣለት ገበሬ ማለት ይህ ነው። ክፋቱ ደግሞ የቀሩትን መውቀስ ማስቸገሩ ነው፤ ሕጉ ፈቅዶላቸዋል፣ ትርፉም ታይቷቸዋል።

እኛ ዘንድ ነገሩ በሬዲዮ ሳይሆን በቴሌቪዥን ነው የተሞከረው። በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስተሮች ማኅበር ከሳተላይት ኩባንያው ከኤስኢኤስ ጋር ተዋውሎ ኢትዮሳት የተባለውን የጋራ መድረክ ሲጀምር፣ በየሳተላይቱ ተበትነው የነበሩ ጣቢያዎች በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በሚገኘው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ መሰባሰብ ጀመሩ። በፕሮግራምም በስፖንሰርም የሚሻሙ ጣቢያዎች ናቸው። ሆኖም ተመልካቹ ዲሽ የሚያዞርለትን ባለሙያ ጠርቶ፣ ከፍሎ፣ ጣራ ላይ የሚያስወጣው አንዴ እንጂ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ስም አይደለም። እናቴ በስልክ «ዲሹን አስዞርነው፣ አሁን ሁሉም አለ» ያሉኝን አስታውሳለሁ፤ ስለ ሳተላይቱ ስም ግድ አልነበራቸውም። አድማጭና ተመልካች ስለ ትብብሩ የሚያውቀው ስንት ጊዜ ጣራ እንደወጣ ነው።

ስለ ኖርዌይ ስጽፍ የምዘለው እንዳይመስል አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ወደ ወንፈሉ ስላልተጠሩት። ወደ 200 የሚጠጉ የአካባቢ ጣቢያዎች በኤፍ ኤም እንዲቆዩ ተደርገዋል። በወረቀት ላይ ለእነርሱ የታሰበላቸው ይመስላል፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ግን የትልልቆቹ መሄድ አድማጭን ከኤፍ ኤም ያላቅቀዋል፣ ባዶ ገበያ ላይ ብቻችንን እንቀራለን ብለው ፈርተው ነበር። በጥቅል ውስጥ ቦታ መከራየት ደግሞ ለአንድ መንደር ለሚያሰራጭ ጣቢያ አይመጥንም፤ ጥቅሉ የሚሸፍነው አውራጃ፣ እርሱ የሚፈልገው ሰፈር ነው። ብሪታንያም ይህ ችግር ነበረባት። መፍትሔው የመጣው ከትልልቆቹ ስምምነት ሳይሆን፣ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦፍኮም ውስጥ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ማንም በነፃ ሊጠቀምበት በሚችል ሶፍትዌርና በርካሽ ዕቃ ትንሽ የዳብ ማሰራጫ ብራይተን ላይ ከሞከረ በኋላ ነው። በ2015 ሙከራው በአሥር ቦታዎች ሰፋ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ ለአነስተኛ ጥቅሎች ፈቃድ እየተሰጠ፣ የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ተሰባስበው የራሳቸውን ትንሽ አውቶቡስ እየገዙ ነው። እኔ ከትልልቆቹ ውል ሁሉ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል፤ የደቦ መንፈስ ያለበት እዚህ ነው። ደግሞም ብሪታንያ ዲጂታል ማዳመጥ በ2018 ከግማሽ በላይ ቢሆንም ኤፍ ኤምን አልዘጋችም፤ መንግሥቷ ያስጠናው ግምገማም ቢያንስ እስከ 2030 ይቆያል ብሏል። ቀን ባለመቁረጥ ያጣችው ገንዘብ አለ፤ ያልተቆጣ አድማጭም አለ።

አሮጌዋን ሬዲዮ ሴትዮዋ አልጣሏትም፤ ወደ መታጠቢያ ቤት አዛወሯት። አዲሷ ዳብ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተተክላ ኤንአርኮን ጥርት አድርጋ ታሰማለች፤ የሚፈልጉትን ለማግኘት ግን በዝርዝሩ ውስጥ መውረድ ስላለባቸው፣ እኔ በምቀርበት ቀን የተገኘውን ጣቢያ ሲሰሙ ይውላሉ። በክረምቱ አንድ ጠዋት ገላቸውን ላጥባቸው ስገባ አሮጌዋ ተከፍታ አገኘኋት። መቃኛዋን ዓመታት ከኖረችበት ቦታ አንቀሳቅሰዋት ኖሯል፤ ትልልቆቹ በለቀቁት ኤፍ ኤም ላይ አንድ የሰፈር ጣቢያ ይዛለች፤ ስደተኞች በየቋንቋቸው ተራ ገብተው ከሚናገሩባቸው የኦስሎ ጣቢያዎች አንዱ መሆኑ ነው። አንድ ሰው በፍጥነት ይናገራል፤ በመሃል ሙዚቃ ይገባል።

«የእናንተ ቋንቋ ነው?» አሉኝ።

አይደለም አልኳቸው፤ እኔም አላወቅሁትም። ድምፁን ግን እንድቀንስ አልፈለጉም፤ ውኃው እስኪሞቅ ሁለታችንም ቆመን ሰማነው።